«ደም የለም» የተባለው የእሑድ ፊልም

ሐኪሟን የሥራ ባልደረቦቿ «ዶክተር ለምን» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ገና ተለማማጅ ሳለች ነው። አንድ ቁጡ ቀዶ ሐኪም በሽተኞቹን እየዞረ ሲያይ ከኋላ ከኋላው እየተከተለች «ለምን?» «ለምን?» ስትለው ትዕግሥቱ አለቀና፣ «ይህችን ልጅ ለምን ብለው ነው እንዴ ስም ያወጡላት?» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። አሁን አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ ሦስቱን ያሳለፈችው በአንድ የድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ በአሥር አልጋዎችና ቀለማቸው በለቀቀ መጋረጃዎች መካከል ወዲያ ወዲህ ስትል ነው።

የራስና የሆድ ውስጥ ፊልም የሚያነሳው ትልቁ ማሽን ከኮሪደሩ ማዶ ነው። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ፊልሙን የሚያነብ ራዲዮሎጂስት ከማሽኑ አጠገብ ባለች ጨለም ያለች ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ግራ የገባት ሐኪም አንኳኩታ ትገባና «እስቲ ይህን እየኝ» ትላለች። ከሥራ ሰዓት ውጭና ቅዳሜና እሑድ ግን ያቺ ክፍል ትቆለፋለች። ያን ጊዜ ፊልሙ በኢንተርኔት ወደ ተረኛው ራዲዮሎጂስት ቤት ይላካል፤ እሱም አንብቦ ሁለት ሦስት መስመር ይመልሳል።

ለስድስት ዓመት ያህል የቅዳሜና የእሑዱ ተረኛ አንድ ሰው ነበሩ። በሌላ ሆስፒታል የሚሠሩ፣ እዚህ ማንም በአካል አይቷቸው የማያውቅ ሐኪም። ነርሶቹ «ባለ ድምፁ» ይሏቸዋል፤ በስልክ ሲናገሩ ድምፃቸው ወፍራምና እርጋታ የሞላበት ስለሆነ። ዶክተር ለምን ሰውየውን ታምናቸው ነበር፤ እምነቷም ከባዶ ሜዳ የመጣ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ የሆድ ቁርጠት ነው ብላ ልታሰናብታት የነበረችን አንዲት ወጣት፣ ባለ ድምፁ ደውለው «አታሰናብቻት፣ ትርፍ አንጀቷ ከጉበቷ ሥር ተደብቆ ሊፈነዳ ነው» ብለዋት ልጅቷ ተርፋለች። ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር ለምን የምትለው ሴት የባለ ድምፁን ንባብ ለምን ብላ አታውቅም። እሳቸው አለ ካሉ አለ፤ የለም ካሉ የለም።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ አንዲት ሴት አባቷን ደግፋ አመጣች። አባትየው የሰባ አንድ ዓመት የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል። አምፖል ልቀይር ብለው ወንበር ላይ ወጥተው ወንበሩ ከዳቸው። ከቀኝ ጆሯቸው በላይ የእንቁላል ያህል አብጧል።

«ጋሼ፣ ያምዎታል?» አለች ሐኪሟ በትንሿ መብራት ዓይናቸውን እያየች።

«ያመመኝ ወንበሩ ነው። አርባ ዓመት አብረን ኖረን እንዲህ ያደርገኛል ብዬ አላሰብኩም።»

ልጅቷ ሳቀች። ሐኪሟም ፈገግ አለች፤ ቀጥላም የጭንቅላት ጉዳት ያለበት ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቀቻቸው።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ለጡረተኛ ቀኑ ሁሉ እሑድ ነው። እንዳጋጣሚ ዛሬ ለእናንተም እሑድ ሆነላችሁ።»

«አሁን ያለነው የት ነው?»

«በሰሜንም በደቡብም በበሽተኞች እንዋሰናለን። በምሥራቅ ልጄ አለች፣ በምዕራብ አንቺ።»

«እሺ፣ ይህች ልጅዎ ስሟ ማን ነው?»

መምህሩ ልጃቸውን አዩና የታላቅ እህታቸውን ስም ጠሩ።

ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ዞረች። ልጅቷ እጇን አወናጨፈች። «እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሲያሻው በአክስቴ ስም፣ ሲያሻው በጎረቤት ስም ይጠራኛል። ቀልድ ሲወድ ለጉድ ነው።»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል» አሉ መምህሩ መላጣቸውን እየነኩ። «የእኔው ደግሞ ሲወድቅም አልታወቀ!»

ሐኪሟን ግራ ያጋባት ይህ ነበር። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲዘባርቅ ሐኪም ያውቃል፤ ቀልደኛ ሰው ተመትቶ ሲቀልድ ግን በምን ይለያል? ከስሙ በቀር መልሶቹ ትክክል ናቸው፣ ደግሞ አንዳቸውም በቀጥታ የተመለሱ አይደሉም። ሦስት አልጋዎች ይጠብቋታል። ፊልም ይነሳ ብላ በማዘዣው ላይ ጻፈች፦ «ወድቀው ራሳቸውን ተመትተዋል። ደም ካለ ይታይ።» ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የባለ ድምፁ መልስ መጣ፦ «የአጥንት ስብራት የለም። ደም የለም። ለዕድሜያቸው የሚጠበቅ ነው።»

ደረቷ ቀለል አላት። የመሰናበቻውን ወረቀት ልትጽፍ ስትቀመጥ ልጅቷ ለአባቷ መሐረብ ልትሰጥ ቦርሳዋን ከፈተች፤ አንድ የክኒን ብልቃጥ ተንከባሎ ወደቀ። ሐኪሟ አንስታ አነበበችው፤ ብዕሯን የያዘው እጇ ባለበት ቀረ።

«ይህን ማነው የሚወስደው?»

«እሱ ነው፣ ለልቡ። ደሙ እንዳይረጋ የሚያቀጥን ነው ብለውናል።»

«ለመሆኑ ደማቸውን በቅርብ ተመርምረዋል? መቅጠኑ የተለካው መቼ ነው?»

«እ... ሁለት ወር ሳይሆነው አይቀርም።»

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱ ሲመታ ነገሩ ሌላ ነው፤ ትንሿ ቀዳዳ እንኳ ስታንጠባጥብ ትውላለች። ይህን ለባለ ድምፁ አልነገረቻቸውም፤ አታውቅም ነበርና። አሁን አውቃለች። ስልኩን አነሳች። ቁጥራቸውን ልትመታ ስትል በሩ በእግር ተገፍቶ ተከፈተና ከመኪና አደጋ የመጡ ሁለት ሰዎች በአልጋ እየተገፉ ገቡ፤ አንደኛው ይጮኻል፣ ሌላው ጭራሽ አይጮኽም። ሐኪሟ ስልኩን መልሳ አስቀመጠችና ወደማይጮኸው ሮጠች።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ስትመለስ መምህሩ ጫማቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ለማሰናበት የሚበቃ ነገር ሁሉ ከፊቷ አለ፦ ፊልሙ ንጹሕ ነው፣ ሰውየው ይራመዳሉ፣ ይቀልዳሉ። ስልኩን እንደገና አላነሳችም። በመሰናበቻው ወረቀት ላይ «ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ» ብላ ጻፈች። ለልጅቷም የዛሬውንና የነገውን ክኒን እንዳትሰጣቸው፣ ራስ ምታት ወይም ማስመለስ ወይም እንቅልፍ ከበዛባቸው በፍጥነት እንድትመልሳቸው፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ለደም ምርመራ እንዲመጡ ነገረቻት። ልጅቷ እሺ አለች። መምህሩ «ልጄ፣ ውለታሽን በካርታ ላይ አሰፍረዋለሁ» ብለው ተሰናበቱ።

ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏ ልጆቹን ያስጠናል። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ከፊቷ ላይ ነገር ማንበብ ይችልበታል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ረሳሽ?» አላት።

«ምንም አልረሳሁም።»

«ታዲያ አንድ ነገር ረስቶ እንደወጣ ሰው በሩን በሩን የምታይው ለምንድን ነው?»

«አንድ ሽማግሌ ሸኝቼ... ፊልማቸው ንጹሕ ነው። ግን እንጃ።»

«ንጹሕ ከሆነ 'ግን' ምን ያደርጋል?»

ተነስታ ለባለ ድምፁ ልደውል አለች፤ ደግሞ «ሁለቴ ካነበቡልኝ በኋላ ምን ብዬ?» አለች። ያነበቡት አንዴ ብቻ እንደሆነ ትዝ ያላት ተኝታ ነው።

ሰኞ ጠዋት ካፖርቷን ሳታወልቅ ስልክ ተጠራች። የሰኞ ራዲዮሎጂስት ናት፤ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ቀጭን ወጣት። ቅዳሜና እሑድ የተነበቡትን ፊልሞች ሰኞ ሰኞ ደግማ ማየት የእሷ ድርሻ ነው።

«ዶክተር፣ ትናንት ጭንቅላታቸውን የተመቱት አዛውንት የት ናቸው? ተመልሰው መጥተዋል?»

«ቤታቸው።»

«ነይማ እስቲ» አለች ወጣቷ።

በጨለማዋ ክፍል ውስጥ ወጣቷ በብዕሯ ጫፍ ስክሪኑን አሳየቻት። ከራስ ቅሉ ጋር ተለጥፋ የምትሄድ፣ ከአጥንቱ ንጣት የማትለይ አንዲት ቀጭን መስመር። ሐኪሟ አየቻት። ዓይኗን ከደነችና ስትገልጥ አጣቻት። ዞር ብላ ስታይ ደግሞ መልሳ ያገኘቻት መሰላት።

«ደም ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል ማለት?»

«ከመቶ ሰማንያ። የመሰናበቻውን ወረቀት ባላነብ ኖሮ እኔም አልፌው ነበር። ደም የሚያቀጥን ይወስዳሉ ብለሽ ጽፈሻል አይደል? ይህን ሳነብ ነው ተመልሼ አጥንቱን ዳር ዳሩን ያየሁት።»

ሐኪሟ እዚያው ቆማ ለባለ ድምፁ ደወለች። ነገሩን ዘርዝራ ነገረቻቸው።

«እኔ ባየሁት ጊዜ ንጹሕ ነበር» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «ቆይ... መብራት ጠፍቶብኝ ነበር። ትልቁ ስክሪን ስለማይሠራ በእጅ ታብሌት ነው ያየሁት። ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

«እኔም መድኃኒቱን ልነግርዎ ይገባ ነበር።»

«የምን መድኃኒት?»

ነገረቻቸው። እሳቸውም «ሰውየውን አስመጫቸው፤ እኔም እመጣለሁ» አሉ።

ልጅቷ ጋ ተደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው። የምትሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፤ በሥራ ሰዓት ስልክ ይዘው አይገቡም። ሌላ ቁጥር አልተመዘገበም፤ አድራሻ ብቻ አለ። ሐኪሟ የአምቡላንሱን ሾፌር ይዛ ልትወጣ ስትል ዋና ነርሷ መንገድ ዘጋችባት።

«ዶክተርዬ፣ ሰው እንልካለን እኮ፤ አንቺ ራስሽ ለምን?»

ዶክተር ለምን ጥያቄውን ሰምታ ሳትመልስ አለፈች።

ቤቱ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን የወጣችው መምህሩን መሬት ወድቀው፣ አረፋ ደፍቀው እንደምታገኛቸው እያሰበች ነው። በሩን ስታንኳኳ የከፈቱላት ራሳቸው መምህሩ ናቸው፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው።

«አንቺ ደግሞ ማን ነሽ? አ! የምዕራቧ!» አሉ።

ሐኪሟ ግድግዳውን ያዘች። ከእሷ የበለጠ ጤነኛ ይመስላሉ። «ጋሼ፣ ወደ ሆስፒታል ልንመለስ ነው። ፊልሙን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።»

«ትናንት ደህና ነህ ብለሽ ላክሽኝ። ዛሬ አይደለህም ትያለሽ። የቱን ልመን?»

«እውነቱን ልንገርዎ? እኔም አላወቅሁም። አንዱ ደም የለም አለ፣ ሌላዋ አለ አለች።»

«በእኔ ራስ ላይ ድንበር ሊካለል ነዋ!» ብለው ሳቁ። ጫማቸውን ሊያደርጉ ተቀመጡ። አንዱን አደረጉ። ሁለተኛውን በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው በለስላሳ ድምፅ፣ «ምድጃውን አጥፍተሽዋል?» አሏት፤ በሴት ስምም ጠሯት። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፎቶግራፍ ሥር የተጻፈው ስም ነው፤ የሞቱት የሚስታቸው ስም።

ሐኪሟ ሳቅ ይከተል እንደሆነ ጠበቀች። አልሳቁም። መልሰው ጫማውን ማየት ጀመሩ። ይህ ቀልድ ይሁን አይሁን አሁንም አልታወቃትም፤ ግን ከእንግዲህ መጠበቅ አልፈለገችም። ጎንበስ ብላ ጫማውን ራሷ አደረገችላቸው፤ ከሾፌሩ ጋር ደግፈው በደረጃው አወረዷቸው። አምቡላንስ ውስጥ መምህሩ ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ። በየትራፊክ መብራቱ «ጋሼ!» እያለች ትቀሰቅሳቸዋለች፤ እሳቸውም «አለሁ» ይላሉ። የመጨረሻው መብራት ላይ ግን «አለሁ» አላሉም።

አዲሱ ፊልም ሲነሳ በጨለማዋ ክፍል ውስጥ አራት ሰው ሆኑ፤ ሐኪሟ፣ ወጣቷ አንባቢ፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙና አንድ የሹራባቸውን ቁልፍ አዛንፈው የቆለፉ አጭር ሰውዬ። ሰውየው እስኪናገሩ ድረስ ሐኪሟ ማን እንደሆኑ አላወቀችም። ስድስት ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ረጅምና ቀጭን አድርጋ ሥላቸው ኖራለች።

ዛሬ መስመሯ መስመር አይደለችም። የጣት ውፍረት አላት፤ አንጎሉን ወደ ጎን መግፋት ጀምራለች። ማንም ብዕር አላስፈለገውም።

«ቶሎ ይዘጋጁልኝ» አለ ቀዶ ሐኪሙ፤ የደም ማቅጠኛውን የሚያከሽፈው መድኃኒት እንዲሰጥ አዝዞ ወጣ።

ባለ ድምፁ ግን የእሑዱን ፊልም ይከፈትልኝ አሉ። በትልቁ ስክሪን ላይ ረጅም ጊዜ አዩት። ቀረቡ፣ ራቁ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ።

«እዚህ ጋ ናት» አለች ወጣቷ ቀስ ብላ።

«አሁን አንቺ ስላልሽኝ ትታየኛለች። የዛሬውን ስላየሁም ትታየኛለች። ትናንት ይህ ስክሪን ቢኖረኝ አያት ነበር? እንጃ። መድኃኒቱን ባውቅ አያት ነበር? ምናልባት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ፤ እኔ ይህን ለተማሪ ስናገር ነው የኖርኩት።»

«ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሐኪሟ።

«እንዲህ አልወጣኝም።»

«ጥፋቱ የእርስዎ ነው ማለት ነው?»

«እሱንም ባወቅሁት እንዴት ደስ ባለኝ!» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ልጅቷ ከማተሚያ ቤቱ የመጣችው ከምሳ በኋላ ነው፤ ጣቶቿ ሰማያዊ ቀለም እንደነካቸው። አባቷ በዚያ ሰዓት ቀዶ ጥገና ላይ ናቸው። ነርሷ ሐኪሟን በጆሮዋ «ብዙ አትናገሪ፤ 'ሁኔታው ተለዋወጠ' በያት ብቻ» አለቻት። ሐኪሟ አግዳሚው ላይ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ማዘዣው፣ ስለ ብልቃጡ፣ መልሳ ስላስቀመጠችው ስልክ፣ ስለ ታብሌቱ።

ልጅቷ መጀመሪያ ጮኸች። «ክኒኑን በእጅሽ ይዘሽ አይተሽዋል!» አለች፤ ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ቀጥሎ አለቀሰች። ቀጥላ የተናገረችውን ግን ሐኪሟ አልጠበቀችም።

«ጠዋት ስወጣ በስሜ ጠራኝ» አለች። «ያለ ቀልድ፣ በትክክለኛ ስሜ። ተሽሎታል ብዬ ደስ አለኝ፤ ለደም ምርመራውም ከሥራ መልስ እወስደዋለሁ ብዬ ወጣሁ። እሱ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ?»

ሐኪሟ እጇን የልጅቷ ቀለም የነካው እጅ ላይ አደረገች። ልጅቷ እጇን አልሳበችም፤ አልጨበጠቻትምም።

መምህሩ ተረፉ። አሥራ አንድ ቀን ተኝተው፣ ግራ እግራቸውን ትንሽ እየጎተቱ ወጡ። እግራቸውም ከወራት በኋላ ተስተካከለ።

ሆስፒታሉ ስብሰባ ጠራ። ዳይሬክተሩ ወረቀት ዘርግቶ «በአጭሩ፣ ማን ነው የተሳሳተው?» አለ። ባለ ድምፁ «እኔ» አሉ። ሐኪሟ «እኔ» አለች። የማሽኑ ባለሙያም «ሽማግሌው ክኒን እንደሚወስዱ እኔ ብጠይቃቸው ኖሮ...» አለ። ዳይሬክተሩ ሁሉንም አያቸውና ብዕሩን አስቀመጠ፤ ጥፋተኛ የጠፋበት ስብሰባ አይቻለሁ፣ ጥፋተኛ የበዛበት ግን ዛሬ ነው አለ። በመጨረሻ ሁለት ነገር ተወሰነ፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ የጭንቅላት ፊልም ሲላክ ሐኪሙ ደውሎ ስለ በሽተኛው በቃል ይንገር፤ አንባቢውም በምን ስክሪን እንዳየ ይጻፍ።

ሐኪሟ ሦስተኛ ነገር ለራሷ ጨመረች። በየረቡዑ ከሰዓት ከባለ ድምፁ ጋር ለመቀመጥ ከተማውን አቋርጣ ወደሚሠሩበት ሆስፒታል መሄድ ጀመረች። ፊልም ማንበብ እለምዳለሁ፣ ከእንግዲህ በሰው ዓይን አላይም ብላ ነበር። በመጀመሪያው ወር ደፋር ሆነች። በሁለተኛው ወር ነገሩ ተገለበጠባት፤ ጤነኛውም ሰው ጥላ አለው፣ የታመመውም ጥላ የለው ይሆናል። በአራተኛው ወር አንድ ረቡዕ፣ ሃያ ፊልም ተራ በተራ ካዩ በኋላ፣ አሥራ አንዱን እንደተሳሳተች ነገሯት።

«ስመጣ ከነበረኝ እውቀት ያነሰ ይዤ ልመለስ ነው እንዴ?» አለች ተስፋ ቆርጣ።

«ያነሰ አይደለም» አሉ። «አሥራ አንዱን ስትሳሳቺ ስንቱን 'እርግጠኛ ነኝ' ብለሽ ነበር?»

ቆጠረች። «ሁለቱን።»

«እኔ በአንቺ ዕድሜ አሥራ አንዱንም 'እርግጠኛ ነኝ' እል ነበር» አሉና ሃያ አንደኛውን ፊልም ከፈቱ።